በሽቦና በመረብ መካከል የነበረው ሣጥን፦ የዩክሬን የኤሌክትሪክ መቋረጥ ከመቀየሪያው ወገን ሲታይ

ረቡዕ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015፣ በእኛ ታኅሣሥ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በምዕራብ ዩክሬን የኢቫኖ ፍራንኪቭስክን ክልል ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው የፕሪካርፓቲያ ኦብልኤነርጎ መቆጣጠሪያ ክፍል ተረኞች ፈረቃቸውን ሊጨርሱ ተቃርበዋል። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9፡30 ገደማ፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ሲሰበስብ የነበረ አንድ ኦፕሬተር የኮምፒውተሩ ቀስት ማንም ሳይነካው ሲንቀሳቀስ አየ። ቀስቱ የአንድ ማከፋፈያ ጣቢያን ብሬከሮች ወደሚያዘው መስኮት ሄደ፤ ብሬከሩን እንዲከፍት፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን እንዲቆርጥ፣ አዘዘ፤ “እርግጠኛ ነህ?” ብሎ ለጠየቀው መስኮትም “አዎ” አለ። ኦፕሬተሩ ማውሱን ይዞ ቀስቱን ሊመልስ ታገለ። ቀስቱ አልሰማውም። ጥቂት ቆይቶ ሲስተሙ አስወጣው። ተመልሶ ሊገባ ሲሞክር የይለፍ ቃሉ ተለውጧል።

ይህ ትዕይንት ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተተርኳል፤ በራሱ የሚሄድ ቀስት ለተራኪ የተመቸ ነውና። እኔ ግን በፋብሪካ ቁጥጥር ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በኦፕሬተሩ ኮምፒውተርና በብሬከሩ መካከል፣ ማከፋፈያ ጣቢያው ውስጥ፣ ከአንድ መጽሐፍ እምብዛም የማይበልጥ ሣጥን አለ፤ መቀየሪያ ይባላል። በአንድ ወገኑ የሲሪያል ገመድ፣ በሌላው ወገኑ የኔትወርክ ገመድ ይገባበታል። ከወዲያ በቢት የሚንጠባጠበውን መልእክት ተቀብሎ ወዲህ በኔትወርክ ያስተላልፋል። ብዙዎቻችን እንደ ገመድ ማራዘሚያ ነው የምንቆጥረው። ያን ቀን የተገደለው እሱ ነበር፤ መብራቱ ከተመለሰ በኋላም መቆጣጠሪያ ክፍሎቹን ለወራት ያንከላወሰው የእሱ ሞት ነው።

የዚያ ቀን ውሎ

የተጠቁት ሦስት የክልል አከፋፋዮች ናቸው፦ ፕሪካርፓቲያ ኦብልኤነርጎ፣ ቼርኒቭሲ ኦብልኤነርጎ እና ኪየቭ ኦብልኤነርጎ። የሦስቱም ጥቃት በ30 ደቂቃ ልዩነት ውስጥ ተከናወነ። የኪየቭ ክልሉ ድርጅት በመግለጫው ከቀኑ 9፡35 ገደማ ጀምሮ ሰባት ባለ 110 ኪሎ ቮልት እና 23 ባለ 35 ኪሎ ቮልት ማከፋፈያ ጣቢያዎች ለሦስት ሰዓት እንደተቋረጡበት አስታወቀ። በጠቅላላው መብራት የጠፋባቸው ደንበኞች 225,000 ያህል ነበሩ። ወሩ በዩክሬን የክረምት ብርድ የሚጠነክርበት ነው። በሳይበር ጥቃት ኤሌክትሪክ መቋረጡ በይፋ ሲረጋገጥ በዓለም ላይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ዝግጅቱ ግን የአንድ ቀን አልነበረም። ከወራት በፊት ለድርጅቶቹ ሠራተኞች የቢሮ ሰነድ የተያያዘበት ኢሜይል ተላከ። ሰነዱን ከፍተው ማክሮውን (በሰነዱ ውስጥ የተደበቀውን ትንሽ ፕሮግራም) የፈቀዱት ሰዎች ብላክኤነርጂ 3 የተባለውን አጥፊ ሶፍትዌር ኮምፒውተራቸው ላይ አስገቡ። ሰርጎ ገቦቹ በቢሮው ኔትወርክ ውስጥ ቀስ ብለው እየተዘዋወሩ የተጠቃሚ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን ለቀሙ። ከቢሮው ወደ መቆጣጠሪያው ኔትወርክ የሚያሻግረው ቪፒኤን የተባለ የርቀት መግቢያ ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ አይጠይቅም ነበር። በመሆኑም በር መስበር አላስፈለጋቸውም፤ በቁልፍ ገቡ።

በቀኑ ያደረጉት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ብሬከሮቹን ከፈቱ። የመቆጣጠሪያ ማዕከላቱን መጠባበቂያ ኃይል፣ ዩፒኤሱን፣ አስቀድመው በሰዓት እንዲጠፋ ስላዘጋጁት ኦፕሬተሮቹ ራሳቸው ጨለማ ውስጥ ቀሩ። የደንበኞች ጥሪ ማዕከሉን በሐሰት የስልክ ጥሪ አጥለቀለቁት፤ መብራት የጠፋበት ሰው ደውሎ ማስታወቅ አልቻለም። ኪልዲስክ በተባለ ማጥፊያ የኮምፒውተሮቹን ዲስክ ደመሰሱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በማከፋፈያ ጣቢያዎቹ ውስጥ ያሉትን ከሲሪያል ወደ ኢተርኔት፣ ማለትም ወደ ኔትወርክ፣ የሚቀይሩ ሣጥኖች ፈርምዌር በራሳቸው በተበላሸ ፈርምዌር ተኩት። በኋላ እንደተዘገበው ይህ የደረሰው በ16 ጣቢያዎች ነው።

ፈርምዌር ማለት በሣጥኑ ውስጥ በቋሚነት የተጻፈ፣ መብራት ሲበራ መጀመሪያ የሚነበብ ፕሮግራም ነው። ያ ከተበላሸ ሣጥኑ ቆርቆሮ ነው።

አምስት ባይት

የሣጥኑን ሥራ ሳይረዱ ለምን እንደተመረጠ መረዳት ስለማይቻል እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

የማከፋፈያ ጣቢያ ዕቃ ዕድሜው ረጅም ነው። ቢሮ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር በአምስት ዓመት ያረጃል፤ ሬሌው (ብልሽት ሲያይ ብሬከሩን የሚያዘው ዕቃ)፣ ቆጣሪውና የጣቢያው መቆጣጠሪያ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላሉ። እነዚህ ዕቃዎች የተሠሩበት ዘመን ቋንቋቸው ሲሪያል ነበር፤ ቢቶች በገመዱ ላይ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው የሚሄዱበት። አርኤስ 232 የ1960ዎቹ ልጅ ነው፤ ከጥቂት ሜትር ብዙም አይሻገርም። በ1983 የመጣው አርኤስ 485 በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ እስከ 1,200 ሜትር ይደርሳል፤ በመጀመሪያው ደንብ 32 ዕቃዎችን በአንድ መስመር ያስራል። ገመዱ እንግዲህ እንዲህ ነው። በገመዱ ላይ የሚነገረው ቋንቋ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ1979 ጀምሮ ያለው ሞድበስ፣ በአውሮፓ የኤሌክትሪክ ዘርፍ ደግሞ በ1995 የወጣው አይኢሲ 101 ነው።

የአይኢሲ 101 አንድ መልእክት ይኸውና፦

10 49 07 50 16

አምስት ባይት ብቻ ናት። 10 መክፈቻ ነው፤ “አጭር መልእክት ይዤ መጥቻለሁ” እንደ ማለት። 49 ጥያቄው ነው፦ “መስመርህ እንዴት ነው?” 07 የሚጠየቀው ጣቢያ ቁጥር ነው፤ በመስመሩ ላይ ያሉት ሁሉ ይሰማሉ፣ የሚመልሰው ግን ሰባተኛው ብቻ ነው። 50 ማመሳከሪያ ነው፤ የ49 እና የ7 ድምር። ድምሩ 56 መሆን ነበረበት የሚል አንባቢ ልክ ነው፤ ግን ኮምፒውተር ባይትን የሚቆጥረው በአሥር ቤት ሳይሆን በአሥራ ስድስት ቤት ስለሆነ 49 ላይ 7 ሲጨመር 50 ይሞላል። መንገድ ላይ አንድ ቢት ከተበላሸ ድምሩ አይገጥምም፤ ተቀባዩም መልእክቱን ይጥለዋል። 16 መዝጊያ ነው። በሰከንድ 9,600 ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ፣ እያንዳንዱ ባይት ከመነሻው፣ ከፓሪቲው (ከስሕተት መፈተሻው ቢት) እና ከመቆሚያው ጋር 11 ቢት ሆኖ፣ መልእክቷ ለማለፍ 6 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላባትም።

አሁን ወደ ሣጥኑ ሌላ ወገን እንዙር። እዚያ ያለው አይኢሲ 104 ነው፤ በ2000 የወጣ፣ የ101ን መልእክት በኢንተርኔት ፕሮቶኮል ላይ የሚያሳፍር፣ በ2404 ቁጥር በር የሚገባ። ግንኙነቱ እንደተከፈተ መቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚልከው መልእክት ይህ ነው፦

68 04 07 00 00 00

68 መክፈቻ፣ 04 “ከዚህ በኋላ አራት ባይት አለ” ማለት ነው፣ 07 “መረጃ መላክ ጀምር”፣ ሦስቱ ዜሮዎች ማሟያ። በመጀመሪያው መልእክት ውስጥ 07 የጣቢያ ቁጥር ነበር፤ እዚህ ግን ያው 07 ትዕዛዝ ሆነ። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው ትርጉሙን የለወጠው። ለዚህ ነው እውነተኛ መቀየሪያ ባይት ከዚህ ወደዚያ የሚያሻግር ተሸካሚ ያልሆነው። ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፤ የትኛው ሬጅስተር (በዕቃው ውስጥ አንድ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ) ከየትኛው አድራሻ ጋር እንደሚገጥም የሚናገር ሠንጠረዥ በሆዱ ይዟል፤ ወዲያ በሚሊ ሰከንድ የሚቆጠረውን ዝምታ ያከብራል፣ ወዲህ በኔትወርኩ መዘግየት ይታገሣል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ፕሮሰሰር፣ ማስታወሻ፣ ብዙ ጊዜም ሙሉ ሊነክስ አለው። ኮምፒውተር ነው እንግዲህ። ስክሪንና ኪቦርድ ስለሌለው ብቻ ነው ኮምፒውተር መሆኑን የምንረሳው።

አንባቢው ሁለቱን መልእክቶች ደግሞ ይያቸው። “አንተ ማን ነህ?” የሚል ባይት አንዳቸውም ውስጥ የለም። ብሬከር የሚከፍተው ትዕዛዝ ውስጥም እንደዚሁ የለም። በሲሪያሉ ዘመን ይህ ጥፋት አልነበረም። ለመናገር ገመዱ ላይ መድረስ ያስፈልጋል፤ ገመዱ ያለው ደግሞ አጥር፣ ዘበኛና ቁልፍ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ዘበኛው የቋንቋው አካል ነበር ማለት ይቻላል። መቀየሪያው ሲገባ ቋንቋው እንዳለ ተሻገረ፤ ዘበኛው ግን እዚያው ግቢው በር ላይ ቆሞ ቀረ።

በሩን ከኋላ መቆለፍ

የቅደም ተከተሉን ጉዳይ ብዙ ዘገባዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ለእኔ ግን የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው።

ብሬከሩን የከፈተው ትዕዛዝ ወደ ጣቢያው የሚደርሰው በዚያው ሣጥን አልፎ ነው። ስለዚህ ሰርጎ ገቦቹ መጀመሪያ ሣጥኑ ጤነኛ ሆኖ እንዲሠራላቸው ይፈልጋሉ። ሣጥኑም አሳለፈላቸው፤ ሥራው ማሳለፍ ነውና። ከዚያ ብሬከሮቹ ተከፍተው መብራቱ ሲጠፋ የሣጥኑን ፈርምዌር ደመሰሱ። ሌባው ዕቃውን ይዞ ወጥቶ፣ ባለቤቱ እንዳይከተለው በሩን በባለቤቱ ቁልፍ ቆልፎ፣ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ሰብሮት ሄደ።

ኦፕሬተሩ አዲስ ኮምፒውተር ቢሰጠው፣ የይለፍ ቃሉ ቢመለስለት፣ “ዝጋ” የሚለው ትዕዛዙ የሚቆመው ያ ሣጥን ጋ ነው። ብሬከሩ አልተበላሸም። ሬሌው አልተበላሸም። ሲሪያል ገመዱ እንዳለ አለ። በሁለቱ መካከል የሚያስተረጉም ግን የለም።

ይህ የዘፈቀደ ብልሽት አለመሆኑን የሚያሳየው ሌላ ነገር አለ። የአንድን ሣጥን ፈርምዌር ለመተካት የሣጥኑን ሞዴል ማወቅ፣ ፈርምዌሩ የሚጫንበትን መንገድ መማር፣ የተበላሸውን ፋይል ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የሰሜን አሜሪካ የኤሌክትሪክ ዘርፍ የመረጃ መለዋወጫ ማዕከልና የኮምፒውተር ደኅንነት የሚያሠለጥነው የሳንስ ተቋም ባለሙያዎች በማርች 2016 ባወጡት ትንታኔ፣ አጥቂዎቹ ያን ፈርምዌር ከቀኑ በፊት በራሳቸው ቦታ፣ በራሳቸው ዕቃ ላይ ሞክረውት መሆኑ በጣም የሚመስል ነው ብለዋል። እኔም እስማማለሁ። ፈርምዌር ቀይሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያለ ሙከራ በ16 ቦታ እንደማይሳካ ያውቃል። እንዲያውም ትክክለኛውን ፈርምዌር፣ ፈቃድ ኖሮኝ፣ መመሪያውን አጠገቤ ዘርግቼ ስጭን እንኳ ልቤ ድው ድው የሚልበት ሥራ ነው።

ሣጥኑ ደግሞ አልጠየቀም። አዲስ ፈርምዌር ሲሰጠው “ይህን የጻፈው ሠሪዬ ነው ወይ?” ብሎ ፊርማ የሚያጣራ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያ ይቆም ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ መቀየሪያዎች ግን የተሰጣቸውን ይውጣሉ። ሠሪዎቹን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ገዢውም ሲገዛ የሚጠይቀው ስንት የሲሪያል ወደብ እንዳለው፣ ሙቀት ምን ያህል እንደሚችልና ዋጋውን ነበር።

አጥቂዎቹ እነማን እንደሆኑ በአጭሩ ልለፈው። በኦክቶበር 2020 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ሳንድዎርም በሚል ስም በሚታወቀው ቡድን ውስጥ አሉ ያላቸውን ስድስት የሩሲያ ወታደራዊ መረጃ መኮንኖች ከሰሰ፤ የዩክሬኑ የኤሌክትሪክ ጥቃትም በክሱ ውስጥ አለ።

በእጅ

መብራቱ እንደ ክልሉ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ተመለሰ። የተመለሰው ግን በኮምፒውተር አይደለም። ሠራተኞች መኪና አስነስተው ጣቢያ ለጣቢያ እየዞሩ ብሬከሮቹን በእጃቸው ዘጉ። ኋላ ላይ ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ሲናገሩ የሚሰማው አንድ ነገር አለ፤ የዩክሬን ኔትወርክ በእጅ መሠራትን ያልረሳ መሆኑ አዳነው። በሁሉ ነገሩ አውቶማቲክ በሆነ፣ በጣቢያው ሰው በሌለበት፣ በእጅ መዝጋትን የሚያውቅ ሠራተኛም ጡረታ በወጣበት ቦታ ቢሆን ስድስት ሰዓት አይበቃም ነበር። እኛ ሀገር በየፋብሪካው “አሮጌ ነው፣ በእጅ ነው የሚሠራው” እየተባለ የሚናቅ ስንት ነገር እንዳለ ሳስብ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሜ አነበዋለሁ።

መብራቱ በሰዓታት ተመለሰ፤ ቁጥጥሩ ግን አልተመለሰም። ከሁለት ወር በላይ ካለፈ በኋላም ማዕከላቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ አልጀመሩም ነበር፤ መቀየሪያቸው በሞተባቸው ጣቢያዎች ብሬከሮቹ የሚታዘዙት አሁንም በእጅ ነበር። ይህን ልዩነት እናስተውል። የተደመሰሰ ኮምፒውተር ከመጠባበቂያ ቅጂ ይመለሳል፤ ሌላም ቢገዛ በማግሥቱ ይገኛል። የሞተ መቀየሪያ ግን ከሩቅ አይድንም፤ የሚድንበት መንገድ ራሱ የሞተው ፈርምዌር ነበርና። ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ሣጥኑን ፈትቶ፣ ሌላ መተካት አለበት። የተተካው ሣጥን ደግሞ ከፋብሪካ ሲመጣ ባዶ ነው። ፍጥነቱን፣ ፓሪቲውን፣ የጣቢያዎቹን አድራሻ፣ ያን የማስተርጎሚያ ሠንጠረዥ አያውቅም። ብዙ ቦታ ደግሞ እነዚህ ቁጥሮች የሚገኙት የትም ሳይሆን በሞተው ሣጥን ሆድ ውስጥ ነው። ከስምንትና ዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ ገብቶ አስተካክሎት፣ ሠርቶለት፣ ደስ ብሎት ወጥቷል፤ ወረቀት ላይ አላሰፈረውም።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2016 እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ከኪየቭ ሰሜን ያለው ባለ 330 ኪሎ ቮልት የፒቭኒችና ጣቢያ ተመትቶ የከተማዋ ክፍል ለአንድ ሰዓት ያህል ጨለመ። በዚህኛው ጊዜ ቀስት የሚያንቀሳቅስ ሰው አላስፈለገም። የስሎቫኪያው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ኢሴት “ኢንዱስትሮየር” ብሎ የሰየመው ሶፍትዌር አይኢሲ 101ንም 104ንም፣ ከዚያም ሌሎች ሁለት ፕሮቶኮሎችን ራሱ ይናገር ነበር። ለ101 የተሠራው ክፍሉ የኮምፒውተሩን የሲሪያል ወደብ ይዞ በገመዱ ላይ በቀጥታ ይናገራል። “ሲሪያል አሮጌ ስለሆነ ማንም አያጠቃውም” ሲባል ለኖረው ወሬ ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ሣጥኑ ክላውድ ሲገባ

ዛሬ የሚሸጠው ሣጥን ከ2015ቱ አንድ እግር ጨምሯል። በአንድ ወገን ሲሪያል፣ በሌላው የፋብሪካው ኔትወርክ፣ በሦስተኛው ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚደረስበት የሩቅ ኮምፒውተር። ሥራ አስኪያጁ ቤቱ ሆኖ በስልኩ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ወይም የቦይለሩን ሙቀት ያያል። እኔም እንዲህ ያሉትን እገጥማለሁ፤ ጥቅማቸውን አልክድም። ታዲያ በዚያች የዲሴምበር ቀን ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ ውስጥ የነበረው የዛሬው ዓይነት ሣጥን ቢሆንስ?

የተሻለ የሚሆንበት በኩል አለ። ወደ ክላውድ የሚወስደው የተለመደው ቋንቋ ኤምኪውቲቲ ነው። የዚህን ቋንቋ አፈጣጠር ሳስታውስ ደስ ይለኛል፤ በ1999 አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር የሠሩት የነዳጅ ቧንቧ መቆጣጠሪያ መረጃን በውድና በቀጭን የሳተላይት መስመር ለመላክ ነበር። ከእኛው ሠፈር የወጣ ቋንቋ ነው ማለት ነው፤ ትንሽ ባይት፣ የሚቆራረጥ መስመር። በኤምኪውቲቲ ሣጥኑ ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ ይገናኛል እንጂ በሩን ከፍቶ የሚመጣ እንግዳ አይጠብቅም። የተመሰጠረው መስመር 8883 በሚባለው በር ይሄዳል፤ በምሥክር ወረቀት “አንተ ማን ነህ?” የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ ይጠየቃል። ደግሞም “ኑዛዜ” የምንለው ነገር አለ፤ ሣጥኑ ሲገናኝ “ድንገት ድምፄ ከጠፋ ይህን መልእክት አድርሱልኝ” ብሎ ያስቀምጣል፤ ሲሞት ማዕከሉ መልእክቱን ለሚመለከተው ሁሉ ያሰማል። 16 ሣጥኖች በደቂቃዎች ውስጥ ኑዛዜያቸው ሲነበብ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ቢያንስ ምን እንደሞተ ወዲያው ያውቅ ነበር።

መስመሩ ሲቆረጥም ጥሩዎቹ ሣጥኖች መረጃውን ሆዳቸው ውስጥ አከማችተው፣ መስመሩ ሲመለስ ይልኩታል። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ሰዓቱን የሚጽፈው ክላውዱ ከሆነ፣ ከሁለት ሰዓት መቋረጥ በኋላ የደረሰው ሁሉ “አሁን” የሆነ ይመስላል፤ የብሬከሮቹ አከፋፈት ቅደም ተከተል ይጠፋል፤ መርማሪም ምንም አያገኝም። ሰዓቱ መጻፍ ያለበት ክስተቱ ሲከሰት፣ እዚያው ሣጥኑ ጋ ነው። አይኢሲ 101 ለዚህ ሰባት ባይት የሚይዝ፣ እስከ ሚሊ ሰከንድ የሚናገር የሰዓት ማኅተም አለው። በሚገባ ያልተሠራ መቀየሪያ ይህን ማኅተም “አያስፈልግም” ብሎ ይጥለዋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የምትፈትሹት ይህን ይሁን።

የተሻለው ሣጥን ፈርምዌሩን በፊርማ ያጣራል። ሁለት ቅጂም ይይዛል፤ አዲሱ ካልተነሣ ወደ አሮጌው ይመለሳል። የ2015ቱን ዓይነት ግድያ ይህ ብቻውን በጣም ያከብደው ነበር።

የባሰ የሚሆንበት በኩልም አለ። በዩክሬን አጥቂዎቹ 16ቱን ሣጥኖች አንድ በአንድ መድረስ ነበረባቸው። በክላውድ የሚተዳደሩ ሣጥኖች ግን ሁሉም አንድ እረኛ አላቸው። ከአንድ ገጽ ላይ ለሁሉም አዲስ ፈርምዌር፣ ለሁሉም አዲስ ማስተካከያ፣ ለሁሉም “ተነሣ፣ ተኛ” ይላካል። ያን ገጽ የያዘ ሰው ሁሉንም ያዘ። ይህ የእኔ ሥጋት ብቻ አይደለም፤ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022፣ የሩሲያ ሙሉ ወረራ በጀመረበት ማለዳ፣ አጥቂዎች የቪያሳት ኩባንያን የካ ሳት ሳተላይት አገልግሎት ማስተዳደሪያ ኔትወርክ በተሳሳተ መንገድ በተዋቀረ ቪፒኤን አልፈው ገቡ፤ ከዚያም ትክክለኛ የማስተዳደሪያ ትዕዛዞችን በመጠቀም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞደሞችን ማስታወሻ በአንድ ጊዜ ደመሰሱ። ዩክሬን ላይ በተወረወረው ድንጋይ በመካከለኛው አውሮፓ 5,800 የነፋስ ተርባይኖች ከሩቅ የሚታዩበትና የሚታዘዙበት መስመር ተቋረጠ። ተርባይኖቹ መዞር አላቆሙም። ያያቸው ግን አልነበረም።

ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው መመሳሰላቸው ይገርመኛል። ቪፒኤን፣ የማስተዳደሪያ መብት፣ የተደመሰሰ ማስታወሻ፣ በእጅ የሚተካ ዕቃ። የተለወጠው ቁጥሩ ነው፤ 16 የነበረው በአሥር ሺዎች ሆነ።

ስለዚህ በምሠራባቸው ቦታዎች አንድ አቋም ይዣለሁ፤ ደንበኞቼ ሁልጊዜ ባይወዱትም። ወደ ክላውድ የሚሄደው ንባብ ብቻ ይሁን። ሙቀቱ፣ ግፊቱ፣ ነዳጁ ይታይ። ብሬከር መክፈት፣ ፓምፕ ማስነሣት፣ የቦይለር ገደብ መለወጥ ግን በሣጥኑ ውስጥ ከነጭራሹ እንዳይተረጎም ሠንጠረዡ ላይ አይኑር። ለማያውቀው ቃል አስተርጓሚ ትርጉም የለውም፤ ትዕዛዙ ከየትም ቢመጣ ሣጥኑ ጋ ሲደርስ ባዕድ ይሆናል። “ስልኬ ላይ ማጥፊያ ቁልፍ አድርግልኝ” የሚለኝ ሥራ አስኪያጅ ይከፋዋል። ይክፋው። ሁለተኛው፣ ፈርምዌር መለወጥ በጣቢያው ላይ ባለ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ቁልፍ የሚፈቀድበት ሣጥን ካለ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም እሱን እመርጣለሁ። ከሩቅ የሚመጣ ሰው እጅ የለውምና።

ሦስተኛው ርካሹ ነው፤ ሰው ግን የሚሰንፈው በእሱ ነው። እያንዳንዱ መቀየሪያ ያለበት ቁም ሣጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት እለጥፋለሁ። የሣጥኑ ሞዴል፣ የፈርምዌሩ ቁጥር፣ የማስተርጎሚያው ሠንጠረዥ፣ መለዋወጫው የተቀመጠበት መደርደሪያ። የይለፍ ቃል አይጻፍበትም። ከታች ደግሞ በትልልቁ፦ ፍጥነት 9600፣ ዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ ጥንድ፣ መቆሚያ 1፣ አድራሻ 7። አዲሱን ሣጥን ገጥሞ ገመዱ ላይ 10 49 07 50 16 የላከ ሰው፣ ሰባተኛው ጣቢያ ከወዲያ ሲመልስለት ይሰማል።